ስንት ካሬ ነው?

ሥራዬ ቅየሳ ነው፤ እንጀራዬ ካሬ፣
ከታቦር እግር ሥር እስከ ሐይቁ ድረስ
ያልረገጥኩት የለም ችካሌን ሰድሬ።
ሰው ፊት አይቶ ያውቃል፤ እኔ ግን ወለሉን፣
ስፋቱን፣ ማዕዘኑን፣ የአጥሩን ክልሉን።

አንድ ቀን አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚበለትበት፣
አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ሰብሮ ከሚቆምበት፣
አንድ እንግዳ መጣ፣ ቆሮሶን ሊያጠና፣
ሴሩ ይባላል፤ ትከሻው የመጋዘን በር፣
ሲራመድ ዝግ የሚል፣ ሲናገር ግን ቀና።
ከሐይቁ በእፍኙ ጨልፎ ቀመሰ፣
«ጨው የለውም» አለና አፉን አበሰ።
«መውጫውስ በየት ነው?»
«መውጫማ የለውም፤ ገብቶ መቅረት ነው።»

ጋልፋቶ መረቡን በጥርሱ እየቋጠረ
ስለ አገሩ ጠየቀው፤ ሰውየው ጀመረ፦

«ደሴቴ ትንሽ ናት፣
ጎህ ሲቀድ ብትነሣ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ዞረህ የምትጨርሳት።
ምንጭ የላት፣ ወንዝ የላት፣
ዝናብ ከቆርቆሮ ተለምኖ ነው የሚጠጣባት።
ትልልቆቹ ደሴቶች ተራራ አላቸው፣ ጫካ፣
ወደብ አላቸው፣ ባንክ፣ የስኳር ፋብሪካ፤
ግን አለቃ ሲሾም
ከእኛ ዘንድ ካልመጣ ሹመቱ አይጸናም፣ ስሙም አይሰየም።
ባሕሩን አቋርጦ፣ አጃቢውን አሰናብቶ፣
ይራመዳል በአሸዋው፣ ጫማውን ከታንኳው ትቶ።
የመጀመሪያዋ ታንኳ የነካችው ድንጋይ አለ፤ ቁመቱ ጉልበት አይደርስ፣
እሱ ላይ ያድራል ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ ያለ ትራስ።
ሲነጋ አንዲት አሮጊት የቀደሙትን አለቆች ስም ታስቆጥረዋለች፣
አንዱን ከዘለለ፣ ‹ሂድ፣ ሌላ ዓመት ና› ትለዋለች።»

ጋልፋቶ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ስንት ከብት ታሰማራለች?»
«አንድም።»
«እንሰትስ?»
«አታበቅልም።»
«ታዲያ በምን ትከበራለች?»
«በመቅደሟ» አለ ሰውየው።
«እናቱን ማን በኪሎ መዘነ?»

እኔ ደግሞ፣ ልማድ ክፉ፣ አፌ አምልጦኝ፣
«ስንት ካሬ ናት?» አልኩት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።
«በየዓመቱ ይለያያል» አለ፤ «ባሕሩ ሽርፍ እያደረገ ይወስዳታል፣
አባቴ ኳስ የተጫወተበት ሜዳ፣ ዛሬ ዓሣ ይዋኝበታል።
ድንጋዩ ግን አለ።»
ሌላ አልተናገረም፤ የሻዩን ስኳር ከሥሩ አማሰለ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከአቶቴ ወዲያ፣ ለአዲሱ መንገድ ክር ስንዘረጋ፣
አንዲት ቁራሽ አገኘሁ በሁለት ፎቆች መሐል፣ ስፋቷ የአንድ አልጋ።
ዛፍ የላት፣ አጥር የላት፣ ካርታ የላት፣ የባለቤት ስም፣
የባጃጅ ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት ይደፉባታል አንዳንዴም።
ሽማግሌዎች ግን ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፣
ከዘራቸውን ወደ ግራ ያዛውሩና ትንሽ ቆም ይላሉ።

ጋልፋቶን ጠየቅሁት። «እዚያ ነበር» አለ «ሾላው፣
ደም የሚታረቅበት፣ እውነት የሚለይበት ጥላው።
ዛፉ ሲቆረጥ ጉባኤው አልተነሣም፤ እኛ ነን የተነሣን።»
ወደ መረቡ ተመለሰ። እኔና ሜትሬ ተያየን።

አራት ካሬ ከሩብ። ለክቻለሁ፤ ቁጥሩ ይኸው።
በፕላኑ ላይ ግን «ዐለት፣ የማይቆፈር» ብዬ ጻፍኩ፣
መስመሩንም ሦስት ሜትር ገፋሁ፤
አለቃዬ ፈረመ፤ መሬቱን አላየው።

አሁን መንገዱ እዚያ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይጠመዘዛል፣
«ማነው እንዲህ የቀየሰው?» እያለ ሾፌሩ ይራገማል።
እኔ ከኋላ ወንበር ነኝ። ባርኔጣ የለኝም፤
እጄን ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። ማንም አላየኝም።