ከታች በግራ በኩል

ሰኞ ማለዳ ነው፤ ባጃጄን አቁሜ ከዘንባባው ሥር፣
ጉንጬን በሻርፕ አስሬ፣ አንገቴን ሰብሬ ቁጭ ያልኩት ከበር።
ባለተራው ሁሉ ባግዳሚው ተደርድሮ፣
እያንዳንዱ ጉንጭ የየራሱን ከበሮ
ከውስጥ ይደልቃል።
ማንም አያወራም፤ በዓይን ይተዋወቃል።

«ምንይችል!» ስትል ነርሷ ስሜን ጠርታ፣
«ምንም አልቻልኩም» ነው የጥርሴ ሰላምታ።

ዶክተር እንጉዳይ መብራቷን አውርዳ፣
አፌን አነበበች፣ እንደ ሱቅ መዝገብ፣ እንደ ከረመ ዕዳ።
«ጠዋት ምን ትበላለህ?» ብስኩት በለስላሳ፣
ከወንበሬ ሳልነሳ።
«ቀንስ?» ሻይ፤ ስኳሩ ማንኪያው እስኪቆም ድረስ፣
ከድልድዩ ሸንኮራ፣ ስሄድም ስመለስ።
«ማታስ?» የተገኘው። «ጥርስህን መቼ ነው የምትቦርሸው?»
ዝም አልኩ። መስታወት አፌን ሞልቶት ነበር፤ እሱን ሰበብ ላርገው?

ማን ይቆጥራል እንዴ አንዲት ትንሽ ጉርሻ?
ትንሽ ናት፣ ጣፋጭ ናት፣ የመንገድ ማስረሻ።
ተሳፋሪ እስኪሞላ አንድ ከረሜላ፣
መብራት እስኪለቅ ሌላ፣
ልጄ ስትቀበለኝ ከኪሴ ጎርጉራ
እሷም የድርሻዋን፣ ሳቋ እየበራ።
ጣና እንኳን ዳርቻውን ነክሶ መች ጣለው፤
ዕለት ዕለት ልሶ፣ ዕለት ዕለት ልሶ ነው ያጎደለው።

ድዴን ደጋግማ ነካች፤ መሣሪያዋን አኑራ
ቆየች ሳትናገር፣ የሆነ ነገር ልታጣራ።
«ውሃ ይጠማሃል? ሌሊት ሽንት ይቀሰቅስሃል?
እግርህስ ይደነዝዛል?»
(ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ስለ እግሩ ይጠየቃል?)
ጣቴን ወጉኝ፤ አንዲት ጠብታ ደም፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት፣
ማሽኗ ላይ ሦስት አሃዝ። የሐኪሟ ቅንድብ ወደ ላይ ሲሸሽ አየሁት።
«ጥርስህ ደብዳቤ ነው፤» አለችኝ፤ «ላኪው ግን ደምህ ነው።
በሩን እንጠግናለን። እልፍኙን ግን አንተ ነህ የምትጠብቀው።»

ያን ሳምንት ሻይ ቤቷ ትብለጥ ታዘበችኝ፤
«ያለ ስኳር» ብላት፣ «ጾም ነው ወይስ ፍቅር?» ብላ ሳቀችብኝ።
ማንጎው፣ ሸንኮራው፣ የሱቁ ጠርሙስ፣
ለካ ከተማው ሁሉ በየጥጉ ይጣራል፣ «ቅመስ፣ ቅመስ፣ ቅመስ!»
ቆሎም ዘግኜ ነበር፣ ከእንግዲህስ ይኸው ምሳዬ ነው ብዬ፤
ግራው እምቢ ሲለኝ በቀኝ ብቻ ነዳሁት፣
ጎማው እንደተነፈሰ ባጃጅ አዘንብዬ።

በሳምንቱ ነቅላ፣ በፋሻ ጠቅልላ፣ ሰጠችኝ ጥርሴን፤
ጣና ዳር ወረድኩኝ፤ ከደንገሉ አጠገብ አቆምኩ ባጃጄን።
ጋሽ እንድሪስ እዚያው፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣
መረቡን ሲጠግን ክሩን በጥርሱ ነው የሚቆራርጠው።
«ምሥጢሩ ምንድን ነው? ዓሣው ነው? መፋቂያው?» ብዬ ጠየቅኩት፤
ሳቀ፤ ሦስት ጎድለዋል፤ የቀሩት ዘበኞች ቆመዋል እንደ ጥንት።
«ምሥጢርስ ድህነት! ስኳር መግዣ ጠፍቶኝ፣
ሽምብራ ስቆረጥም፣ ቀረሶ ስበላ፣ እርጅና ደረሰኝ።
ዛሬማ ልጄ አለ፤ ይልካል በኪሎ፤
እኔም ጀምሬያለሁ፤» አለና ሻዩን አማሰለ፣ ደጋግሞ፣ ቶሎ ቶሎ።

ማታ ቤት ስገባ ሶልያና በሩ ላይ፣
የወተት ጥርሷን ይዛ፤ «አባዬ፣ ወለቀ! እይ!
ጣራው ላይ እንጣለው፣ አዲስ እንዲበቅል።»
ወረወርን። ቆርቆሮው ኳ አለ፤ ተንከባለለ፤ ቀረ ከጨለማው መሀል።
የኔስ? በኪሴ ነው። ጣራ አያውቀው፣ ጣራ አይመልሰው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰጠሁትን ሁሉ ዝም ብሎ የፈጨው።

እጇን ወደ ኪሴ እንደ ልማዷ ሰደደች፤
ከረሜላ ፈልጋ ያገኘችው ፋሻ፤ ፈታችው፤ አየች።
«የማን ነው?»
«የኔ ነው።»
«አዲስ ይበቅላል?»
ምላሴ፣ ከታች በግራ በኩል፣
ከባዶው ቦታ ገብቶ መልስ ይፈልጋል።