ኪሎ የሌላት

ኮምቦልቻ ነው ሥራዬ፣ ከዱቄት ፋብሪካው በር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ ከሚዛን ዳር።
ስንዴ ሲመጣልኝ በአይሱዙ ተጭኖ፣
ዐይኔ ይቀድመዋል ሚዛኑን፣ መጥኖ፤
እርጥቡን ከደረቅ፣ እንክርዳዱን ከዘር፣
በጠረኑ አውቃለሁ የገራዶን አፈር።
ኩንታሉ መቶ ነው፤ ጆንያው ግማሽ ኪሎ፤
ሁሉም ያምነኛል «ሙሄ አይሰርቅም» ብሎ።

አምና መስከረም ላይ እህቴ ሸምሲያ፣
ቀይ ነገር በቅሎባት ከስንዴዋ ጉያ፣
«ና ተመልከትልኝ» ብላ ደወለች።
ሄድኩ። አንዲት አበባ ብቻዋን ቆማለች፤
ከሳጥን እንደ ወጣ ሐር የተጨማደደ፣
አንገቷ ፀጉራም ነው፣ በእስትንፋስ የራደ።

«ፖፒ ትባላለች» አለን አበጋዝ፣ የግብርናው ልጅ፣
«ከውጭ ስንዴ ጋራ መጥታ ነው ባንድ ጓዝ።
እሷም እንደ ስንዴው ዕድሜዋ አንድ ዓመት፤
መብቀል፣ ማበብ፣ ማፍራት፣ ከዚያ በኋላ ሞት።
ንቀሏት» አለና ሞተሩን አስነስቶ፣
ወደ ደሴ ዳገት ሄደ ጭቃ ረጭቶ።

ሸምሲያ አልነቀለችም።
«የስንዴሽን ቀለብ ነው የምትሻማው» ብላት፣
«ስንት ትበላለች አንዲት ቀጭን አንገት?»

ስንዴ እኮ፣ አልኳት፣
እሸቱ ይጠበሳል፣ ደረቁ ይቆላል፣
ቢከካ ቅንጬ ነው፣ ቢፈጭ ዳቦ ይሆናል፤
ጭዱ ከጭቃ ጋር ለቤትሽ ግድግዳ፣
ገለባው ለላምሽ፣ ትርፉ ለዘር፣ ለዕዳ።
ይቺስ?
ሁለት ቀን ሳትደፍን አበባዋ ረግፎ፣
እንደ ጨው ብልቃጥ ያለ ራስ ብቻ ተርፎ፤
ጥቅምት ሲያደርቃት በክብሪት ቤት አራገፍኳት፣
ከጤፍ ከደቀቀ ዘሯ ጋር መዘንኳት፤
መርፌው ንቅንቅ አላለም።
«ዜሮ» አልኩ፤ ሳቅሁባት።

ሸምሲያ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ጓል ፈረከሰች።
«ይሄ ያንተ ስንዴ» አለች፣
«ሰው ካላረሰለት፣ ሰው ካልዘራው በቀር፣
ካልታጨደ፣ ካልተወቃ፣ ካልተነፋ በቀር፣
ከራሱ ዛላ ላይ መውረድ እንኳ አያውቅም።
እሷ ዘሯን ራሷ ትበትናለች፤
ስንትና ስንት ዓመት ብትቀበርም
ማረሻ ሲነካት ትነሣለች አሉ።
ታዲያ፣ ሙሄ፣ ማን ነው የማን አራሽ፣ የማን ሎሌ?»
መልስ አጣሁ። ካፊያ ጀመረ። ተለያየን።

በኅዳር አመማት፤ አጥንቷን ሰርስሮ ገባ ያ ክፉ፤
ደሴ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው አልጋ፣ ከመስኮቱ ጫፉ፤
ጦሳ ጉም ለብሶ ያያታል፣ እሷ አታየውም፤
ስታቃስት አድራ ጎኗን መለወጥ አትችልም።
ከፒያሳ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ሮጥኩ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ።
ቆርሼ ሰጠኋት። ጉሮሮዋ አልቀበል አለ።
ዳቦው ከራስጌዋ ደረቀ፤
ዕድሜ ልኬን የመዘንኩት እዚያ ተቀምጦ አፈረ።

ነርሷ ጦይባ በትንሽ ብልቃጥ መራራ ውኃ ይዛ መጣች፤
አምስት ሚሊ፣ ለክታ፣ ከጉንጯ ሥር ጠብ አደረገች።
«ምንድን ነው?» «ሞርፊን።»
«ከምን?» «ከፖፒ ነው» አለች፤
«የማሳችሁ ቀዩዋ አይደለችም። ዘመዷ ናት፣
ፍሬዋ ሲጫር ወተት የምታነባ።»
ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ።
የሸምሲያ ግንባር የታረሰ መሬት ነበር፤
ትልሙ አንድ በአንድ ተደፈነ።

ሲነጋ ነቅታ «ስንዴው ታጨደ?» አለች።
«ታጨደ፤ አሥራ አራት ኩንታል።»
ዝም ብላ ቆየችና ወደ ብልቃጡ በአገጯ ጠቆመች፣
«ይቺንስ መዘንካት?»

ዘንድሮ መስከረም ልጇ ሉባባ ደወለች፤
«አጎቴ፣ ና ተመልከትልኝ» አለች።
ሄድኩ። ክብሪቱ እንደ ተዘጋ ኪሴ ውስጥ ነው፤
ማንም ሳይዘራ ቀያይ አምስት ቆመዋል።
አረም ናቸው፤ አውቃለሁ። አበጋዝ ቢያይ ይነቅላል።
ኅዳር ላይ፣ ደርቀው እንኳ፣ ማጭድ የያዘውን ልጅ
«ዙሪያቸውን እለፍ» አልኩት።
ለነሱ ሲባል ከማሳው የጎደለው
ሁለት እፍኝ ስንዴ ነው።
መዝግቤዋለሁ።