ሳያንኳኳ

ታውኖ አሮጌ ቫን አለው፣ ዓሣ የሚጭንበት፤
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ዝገት።
ታንደር ቤይ ነው ቤቱ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር፣
አምስት ወር በረዶ የሚከመርበት አገር።
አስፋልቱ ጨው ይጎርሳል ክረምቱን በሙሉ፤
በረዶው ሲሟሟ ሰዎች «ተገላገልን» ሲሉ
ጨው ግን ሥራ አይፈታም፤
ብረት ሥር ይገባል፤ ሌሊትም አይተኛ፣ ቀንም አይታይም።

ቫን አንድ መስሏችሁ? አይደለም፣ ሁለት ነው።
ታች ሻንሲ አለ፣ ሸክም የሚችለው፤
ከላይ ደግሞ ቦዲ፣ ቀለም የተቀባው፤
በመሃል ዐሥር ጎሚኒ፣ ማንም የማያየው።
ጎሚኒ ሲያረጅ እንደ ድድ ይሸሻል፤
ጥርስ ጥርስን ያገኛል፣
ብረት ብረት ይነክሳል።
እንዲህ ነበር የታውኖ ቫን፦
በር ለመዝጋት ትከሻ፣ መሪ ለመያዝ ጸሎት፤
ሀዲዱ ላይ አንድ ኳ!፣ ድልድዩ ላይ ሁለት።

ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተንጋለልን።
እኔ ጎረቤቱ ባትሪ ያዥ ነኝ፣ ዓይኑ ላይ የማበራ፤
እሱ ቁልፍ ያዥ፣ በፊንላንድኛ የሚራገም ተራ በተራ።
ቡሎኖቹን ዘይት አጠጣናቸው ሦስት ሌሊት ሙሉ፤
ሰባቱ ሰክረው ለቀቁ ከውሉ፤
ሁለቱ ሲጥ ሲጥ አሉ፣ እያቃሰቱ ወጡ።
ዐሥረኛው ግን እምቢ፤ እጅ ከሚሰጥ አንገቱን ሰጠ።
መሰርሰሪያ መጣ፤ የምሳ ሰዓት አመለጠ።

ቦዲውን በክሪክ አነሣነው፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም፤
በሽተኛ ከአልጋው ሳይወርድ አንሶላው ሲቀየር አይታችኋል?
ልክ እንደዚያ ነበር፣ ምንም አልተለየም።

የወጣው ጎሚኒ፣ ጎማ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤
ያረረ ዳቦ ይመስላል፣ ሲነኩት ይፈርሳል።
ታውኖ መዳፉ ላይ አድርጎ አየውና
«ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ተጨፍልቆ» አለና
ባልዲው ውስጥ ጣለው። እኔም ዝም አልኩ፤
እሱም ስድሳ ሰባቱ ነው፣ ወገቡንም አውቃለሁ።

ሮንዴላ፣ ጎሚኒ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፤
ዐሥር ጊዜ ይኸው። ውጭ ጥሏል በረዶ።
ሲመሽ በሩን በአንድ ጣት ገፋው፦ ጠቅ።
ከፈተው። ደግሞ ገፋው። ጠቅ።
«የሌላ ሰው ቫን ነው» አለ ሳይስቅ።

አሁን ስለ ሄልሚ። ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው።
ሄልሚ የባሏን መምጣት በጆሮዋ ታያለች፤
ከሀዲዱ ማዶ ኳ! ሲል ድንች ትጥዳለች፤
ድልድዩ ላይ ኳኳ! ሲል የደጁን መብራት ታበራለች።
ሃያ ዓመት እንዲህ ነው።
ለታውኖ ግን ትንፍሽ አላለችም፤
ምን ብላ? «መኪናህ ጥሩ ይንኳኳል» አይባልም።

ማክሰኞ ማታ ዓሣውን አድርሶ፣
ሀዲዱን በዝምታ፣ ድልድዩን በዝምታ ጥሶ፣
በጨለማ ደጅ ጫማውን አራግፎ ገባ።
ሄልሚ ጀርባዋን ሰጥታ ፎጣ ታጥፋለች፤
ክው አለች።
«ማነው?»
«እኔ ነኝ።»
«ሳታንኳኳ?»
«በገዛ ቤቴ?»
ምድጃውን አየ፤ ቀዝቃዛ ነው።
ድንቹን አየ፤ ከነልጣጩ ነው።
ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልነገረችኝም፣
እኔም አልጠየቅኳትም።

ይኸው ሳምንቱ ነው።
ማታ ማታ ከሀዲዱ ማዶ ክላክስ ይሰማል፣ አንድ ጊዜ፤
ቆይቶ ከድልድዩ፣ ሁለት ጊዜ።
ከፊት ለፊት ያለችው ነርስ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ ለማዘጋጃ ቤት ጽፋለች፣ እኔንም ፈርም አለችኝ።
«እስቲ ላስብበት» አልኳት።
አላስብበትም።
ጥሩምባው ሲጮህ ትራሴን አገላብጣለሁ፤
ድንቹ ተጥዷል ማለት ነው።