ንፋስና ደረሰኝ

የአዳማ ንፋስ ደረሰኝ አያውቅም፣
በር ተከፍቶ ካገኘ ማንንም አይጠይቅም።
ከዱቄት ፋብሪካው፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣
ክፍል ሰጥተውን ነበር አቧራ የሚገባ፤
በድንጋይ ነበረ ወረቀት የያዝነው፣
ጥቅምት እያለቀ፣ ግብር መክፈያ ነው።

እኔ ገና ሰልጣኝ፣ ፋይል ተሸካሚ፤
እልፍነሽ አለቃዬ፣
ከተነገራት ይልቅ ያልተነገራትን ሰሚ።
የሽያጭ ጥራዙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
ትቆጥራለች በዝግታ።
መቶ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣
ቀጣዩ መቶ ስልሳ፤ የተሳሳተች መሰለኝ።
ጣቷን በምራቅ ነክራ ደግማ ገለበጠች፤
ሃያ ደረሰኝ የለም። ቀና አላለች። ጻፈች።

አቶ ደምመላሽ መጣ።
ከእሱ በፊት የመጣው የቁልፉ ኳኳታ፣
ከቁልፉም በፊት ደግሞ የዘበኛው ሰላምታ።
ሂሳብ ሹሙ ዋቅጅራ ቀልቡ ቀድሞ በረረ፣
እንደ ጸሎተኛ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ።

«አንቺ!» አላት። «ይህን ወፍጮ ስተክል የት ነበርሽ?
ሌባ ነህ እንድትዪኝ ነው ገንዘብ የከፈልኩሽ?»
ቡጢው ጠረጴዛው ላይ። ድንጋዮቹ ዘለሉ።
በሩ ወለል አለ፤ ወረቀቶች ሁሉ
ግቢውን አለበሱት ዱቄት እየመሰሉ።

ብድግ አልኩ።
ጉሮሮዬ ላይ አንድ ስድብ ጫማውን አስሮ
ይጠብቅ ነበር፣ ልውጣ ብሎ ተቸኩሎ፣ ተማርሮ።
እሷ ግን ጎንበስ አለች።
አንዱን ከጆንያ ሥር፣ አንዱን ከሲኖትራኩ ጎማ፣
አንዱንም ከአንድ ወዛደር ጫማ
(እግሩን አንስቶ «ይቅርታ እቴ» አላት)፤
እያራገፈች፣ በቁጥራቸው ተራ እየደረደረች፣
የመጨረሻውን ስታገኝ ብቻ ወደ እሱ ዞረች።

«ልክ ነዎት» አለችው፣ «ወፍጮው ሲተከል አልነበርኩም፤
ለዚህ ነው እርስዎን የምጠይቅዎ፣ ባየሁማ ባልጠየቅኩም።
ሌባ የሚል የለም፣ ወረቀቴን ይዩት፤
ያለው ሃያ ቁጥር ነው። የት ነው የገቡት?
ዛሬ ካልተመቸዎ ነገ ከምሳ በፊት እመጣለሁ፣
ካገኘሁ አገኘሁ፣ ካጣሁም አጣሁ ብዬ እጽፋለሁ።»

አንቺ እንዳላት ነው፤ እርስዎ እንዳለችው።
ድምጿ ከጠዋቱ፣ ከ«እንዴት አደሩ»ዋ
አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ዝም አለ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ
ወደ ኋላ ሲል፣ ሳያስበው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ነበረ፤
መርፌው ሰማንያ ስምንት ላይ ተንቀጥቅጦ ቀረ።
ያን ሁሉ ጩኸት ተሸክሞ
ሰማንያ ስምንት ኪሎ ብቻ።

ማታ ባጃጅ ውስጥ፣ ፖስታ ቤትን እንዳለፍን፣
እጇ ቦርሳዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
ማየቴን አየች። ሁለታችንም መንገዱን አየን።
«ማስታወሻህን አምጣ» አለችኝ ቆይታ፤
በስልኳ መብራት አነበበች፣ መነጽሯን አውጥታ፦
*አቶ ደምመላሽ መጣ፣ ጮኸ፣ ደነፋ።*
«መጡ ነው የሚባለው። ጮኸና ደነፋን አጥፋ።
የጎደለው ሃያ ደረሰኝ ነው እንጂ ጨዋነት አይደለም፤
ቁጣቸው አይደመርም፣ አይቀነስም፣
ማስረጃ አይሆንም።»
ሰረዝኩ። ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ሲዘል
ስረዛዬ ከመስመር ወጣ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት አሥራ ሁለቱ ተገኙ፣
በላስቲክ ታስረው፣ ጠርዛቸው በዘይት ወዝቶ።
ስምንቱ አልመጡም።
«ስምንት አላገኘንም» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣
ሻይ ጋበዙን፤ ሒሳቡን ራሷ ከፈለች።

ስንት ዓመቴ መሰላችሁ፤ ዛሬ እኔም እፈርማለሁ፣
በየመጋዘኑ እየዞርኩ፣ እየተሰደብኩ፣ እርስዎ እላለሁ።
እዚህ ላይ ግን፣ ማንም በማይመረምረው ወረቀት፣
ከላይ «መጣ» ብዬዋለሁ።
አይታችኋል።
አልሰረዝኩትም።