ሦስተኛው አውራጃ

በሃርገን አውራጃ፣ በነብራስካ ሜዳ፣
ሠላሳ ዓመት ኖርሁ በመዝገብ ቤት ጓዳ፤
ማኅተም እመታለሁ፣ ቀጠሮ እጽፋለሁ፣
ከእውነቱ አስቀድሜ «የት ነው?» እላለሁ።

ለሰው የሚመስለው ክስ «ማን በደለ?» ነው፤
የእኔ ጥያቄ ግን «ከየት ነው የሆነው?»
ተከሳሹ የት ያድራል? ገንዘቡ የት ይከፈል ነበር?
እሳቱ የበላው የየትኛውን ወሰን አፈር?

ሲግኔ ኦስተርጋርድ በሩን ገፍታ መጣች፣
የጭሱን ካፖርት ገና አላጠበች፤
የበቆሎ ማድረቂያ በዱቤ የገዛች፣
በሌሊት ነዶባት ጎተራዋን ያጣች።

ክሱ አንድ ገጽ ነው፣ በእርሳስ የተጻፈ፤
ውሉ አምስት ገጽ ነው፣ በጀርባው ያቀፈ
ሰናፍጭ የሚያህል ደቃቅ ፊደል፦
«ክርክር ቢነሣ፣ ኦማሃ ብቻ ይታያል።»

ጠበቃው ብራድሾ በጥቁር መኪና
አራት መቶ ኪሎ ሜትር አቋርጦ መጣና፣
«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ «ይህ ችሎት ሥልጣን የለውም፤
ፊርማዋ ይኸው፤ በዚህ ደጅ አንሟገትም።»

ዳኛዋ ከለሃን መነጽሯን አወለቀች፤
የቆየውን መልሱን ገልጣ ቀኑን አነበበች።
«ይህን መልስ ሲሰጡ፣ አቶ ብራድሾ፣ ቦታው አልታየዎትም?
መቃወሚያ የደጃፍ ነው፤
በልቶ ጠጥቶ ‹ቤቱን ተሳሳትሁ› አይባልም።
ደግሞስ አመዱ እዚህ ነው፤ ያጠፋውም የዚሁ ሰው፤
ሎይድ ፔሼክ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ ነበልባሉን ያየው፣
ማታ መኪና አይነዳም፤ ማን ኦማሃ ያድርሰው ዛሬ?
የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።»

ሲግኔ ፈገግ አለች። እኔም ማኅተሙን መታሁ።
ረታች አልሁ በልቤ፤ ቸኮልሁ፣ ተሳሳትሁ።

በየካቲት አርባ ሰዎች የሕዝብ ዳኛ እንዲሆኑ ተጠሩ፤
ጫማቸውን ከበረዶ እያራገፉ በበሩ
ገቡ። ሁሉንም በስም አውቃለሁ።

«ከኩባንያው ጋር የሚያገናኝዎ ጉዳይ አለ?»
አንዱ ልጁ እዚያ ይሠራል፤ አንዱ የዘር ዱቤ አለበት፣ ያልተከፈለ፤
አንዷ አንገቷን ደፋች፤ ሌላው ጣሪያ ጣሪያ አየ፤
እህል የሚገዛ ሌላ ሰው በዚህ ወሰን መቼ ታየ?

ያኔ ገባኝ። በሬው የአገሩ ነው፣ እውነት፤
ቀንበሩ ግን የኩባንያው፤ የሚያድረውም በእሱ በረት።

ሲግኔ ተነሣች፤ ጠበቃዋን አልጠበቀችም፦
«ያሸነፍሁትን ቦታ» አለች፣ «አልፈልገውም።
እነዚህ ሰዎች ባሌን የቀበሩልኝ ናቸው፤
በእኔ ምክንያት ዕዳቸው ሲጠራ አልያቸው።
ኦማሃም ይቅር፤ ሃርገንም ይቅር፤
እኔን የማያውቅ፣ እነሱንም የማይፈራ አንድ አገር።»

ብራድሾ ሊቃወም ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤
«ይዛወር» ያለው እሱ ራሱ ነበርና፣
ወንበሩን ጎተተ።

ዳኛዋ ጻፈች፤ ዌክስፎርድ።
መቶ ኪሎ ሜትር በስተምዕራብ። አንዴ ብቻ አይቼዋለሁ፤
ለአክስቴ ቀብር። ከነፋሱ ሌላ ረስቼዋለሁ።

መዝገቡን በገመድ አሰርሁ፤ የቀለጠውን ብሎን በከረጢት፤
የእርሳሱን ክስ ከሁሉ በላይ አኖርሁት።

ሎይድ ፔሼክ መጣ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ ለቀጠሮው።
«ከመምሸቱ በፊት ይለቁኛል?» አለኝ።
አላውቅም አልሁት፤ እኔ ወረቀት ነው የምሰጠው።
መነጽሩን በኪሱ ሁሉ ፈለገ፤
«ዌክስፎርድ» አለ፤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ
ዓይኑን ጠበብ አደረገ።