ውሃ ልክ

ኮፈኑን ከፈትኩት፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣
መኪናዋ ሳትሞቅ፣ አዘዞ፣ ከደጃፍ።
አባቴ አጣናው ጨርቁን ይዞ መጣ፣
ዘይት የጠገበውን፣ ቢታጠብ ያልነጣ።
ዓይኑ ዞረ፣ ዞረ፤ እጁም ተከተለ፣
«መለኪያ ዘንጓሳ? ዘይቷስ የታለ?»
«የላትም» አልኩት።
«ካንዴላስ?»
«የላትም።»
«ቺንጊያስ?»
«የላትም አባዬ፤ ጭስም የላት፣ ድምፅም።»

ዝም አለ።

አርባ ዓመት ኤንትሬን በጆሮው ያከመ፣
ከሳሉ ለይቶ የቱ እንደታመመ፣
ሊማሊሞ ወገብ ራዲያተር ሲፈላ
ከምንጭ ቀድቶ ወጥቶ በጣሳ የሞላ፣
ዛሬ ግን ጨርቁን ነው ደጋግሞ ያሸው፣
ለቅሶ ቤት ደርሶ የሟች ስም እንደጠፋው ሰው።

«ና» አልኩት፣ «ወደዚህ፤ ሦስት ዕቃ አለልህ፣
ለጨርቅህ ባይሆንም ለዓይንህ የሚሆንህ።
ይቺ የፍሬን ዘይት፣ ይቺ የቴርጂ ውሃ፣
ይቺ ሮዟ ደግሞ ለባትሪው በረሃ።»
መነጽሩን ጠርጎ፣ ላስቲኩን ቆርቁሮ፣
በሁለት መስመር መሀል ዓይኑን አጨንቁሮ፣
«ጎድላለች!» አለኝ።
እንዲህ በጉድለት የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሮጠ። ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ ከተፍ።
ቧንቧ ከመጣ አሥራ ሁለት ቀኑ፤
በርሜሉ ወገቡ ላይ ደርሷል።
እጁን ያዝኩት።
«ይኼ ጨው አለው አባዬ፤ ከኤሌክትሪክ ጋር አይስማማም፣
የራሷ ፈሳሽ አላት።»
እናቴ ጥሩዬ ከመስኮቱ ሰምታ፣
«እኛ ያጣነውን ውሃ ታማርጣለች እንዴ እመቤቷ?»
አለች፣ መጋረጃውን ጎትታ።

ከፒያሳ የገዛሁትን ጠርሙስ ሰጠሁት።
ክዳኑን በጨርቁ ይዞ ፈታው፤
ይኸው፣ ጨርቁም ሥራ አገኘ።
ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ጠብታ መድኃኒት።
የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው እጅ
ከላይኛው መስመር ሥር ቀጥ አለ።
«ልክ» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ውሃ ልክ።»
ግንበኛ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንደሚለው።

ማራኪን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ
ሬዲዮኑን አዘጋኝ፤ መስኮቱንም።
ጆሮውን ወደ ፊት ሰደደ።
እኔ ምንም አልሰማሁ፤
የባጃጆቹ ጩኸት እንኳ ውጭ ቀርቷል።
«ሰማሃት?» አለኝ።
«ምኗን?»
«ፓምፗን። ውሃዋ እየሄደ ነው።»
ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው።