ያልተጻፈው ዜሮ

እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፤ ፕሪቶሪያ ከተማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ያገሩን ጤዛና ያገሩን አቧራ በመስኮት ሳላይ
በሰንጠረዥ አያለሁ።
ከውቅያኖሱ ጣቢያ የውሃው ሙቀት፣ የጨዉ መጠን፣
ከሣር ምድሩ ጣቢያ ሰደድ እሳት ያለፈበት ቀን፣
ከተራራው የጅረት ልክ፤
ከጫካው የረገፈ ቅጠል፣ ደርቆ ተመዝኖ፤
ያገር ገላ ሁሉ መዝገብ ላይ ይተኛል፣ ቁጥር ብቻ ሆኖ።

ከካሩ በረሃ ግን ዜሮ ነው ሚመጣው።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ስምንት ወር ሙሉ፣ እንደ ተደረደረ የዶሮ እንቁላል፤
ከጎኑ ፊርማ አለ፤ «ድ. ኦሊፋንት» ይላል።

ድሪካ ኦሊፋንት።
አንዴ ነው ያየኋት፣ ለሥልጠና መጥታ፣
ሰማያዊ ሻሽ አስራ፣ የሟች ባሏን ቡትስ ተጫምታ።
«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት፣ «ዝናብ መጠበቅ ነው፤
ካልመጣም፣ አለመምጣቱን አይቼ ልጽፈው።»
አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከቤቷ እስከ መለኪያው ጠጠር ነው መንገዱ፤
በሐምሌ አጥንት ይሰብራል፣ ጎህ ሲቀድ ብርዱ።
ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ጎንበስ ትላለች፣
የቆርቆሮውን አንገት ታነሣለች፣
ወደ ውስጥ ታያለች፤
አንዳንዴ የሞተ ጉንዳን፣ አንዳንዴ አሸዋ፣
አንድ ጊዜ፣ ጊንጥ።
ከዚያ በእርሳስ (ቀለም እዚያ በብርድ ይረጋል)
ዜሮ ነጥብ ዜሮ።

ባመቱ መጨረሻ ወደ ኋላ ስሄድ፣
አሥራ አራት ዓመት፣ ቀን በቀን ስወርድ፣
አንድ ሳጥን አገኘሁ፣ መጋቢት፣ ማክሰኞ፣
ዜሮም የሌለበት፤
እንደ ወለቀ ጥርስ ነፋስ የሚገባበት።

አለቃዬ ሙዳው ትከሻዬ ላይ ቆሞ ሻዩን እያማሰለ፣
«ከፊቱ ዜሮ ነው፣ ከኋላው ዜሮ ነው፤ ሙላና ዝጋዋ» አለ።
«አንድ ዜሮ ብትጨምር፣ ማን ይሞታል?»

ደወልኩ። ከስልኩ ውስጥ ነፋስ ይቀድማታል።
«ያን ማክሰኞ» አልኳት፣ «ዜሮ ልበል? ይበቃል።»
ዝም አለች።
በሩቅ ውሻ ጮኸ። ቆርቆሮ ተንኳኳ።

«ሻርሜይንን የቀበርኩ ለት ነው» አለች።
«መለኪያው ጋ አልሄድኩም። ያላየሁትን አልፈርምም።
ቄሱ አፈር ሲያነሣ አንዳች ነገር መጣ፤
ከየት እንደሁ እንጃ፣ ደመና እንኳ የለም።
የወንዶቹ ጥቁር ባርኔጣ ነጠብጣብ አወጣ።
ቆጠርኩት፤ ልማድ ሆኖብኝ።
የጎረቤቴ የኮስ ዘጠኝ። የወንድሜ አሥራ ሁለት።
ሦስተኛውን ሳልጨርስ ደረቀ።
በማግሥቱ ሄድኩ፤ ጣሳው ደረቅ ነው።
ፀሐይ ጠጥታው ይሁን፣ እዚያ ሳይደርስ ቀርቶ፣
በምን አውቃለሁ?
ባርኔጣ ደግሞ ሚሊ ሜትር የለውም።

ስማ፣ ልጄ።
ዜሮ ማለት ሄጄ አየሁ፣ የለም ማለት ነው።
ባዶ ማለት፣ አልሄድኩም።
ሁለቱን አታቀላቅል።»

እሺ አልኩ።
ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ ጥዬ።

ኮምፒዩተሩ አይወድም ባዶ፤ በቀይ ያስጠነቅቃል፣
«ምክንያት ይምረጡ» ይላል።
የመሣሪያ ብልሽት። ጎርፍ። የሠራተኛ ሕመም። ሌላ።
ሌላ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?
አሁን መስመሩ ሲሣል፣ መጋቢት ላይ የፀጉር ያህል ይቆረጣል፤
ተማሪ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ሙዳው ያጉረመርማል፤
እኔ ግን ጣቴን እዚያች ክፍተት ላይ አድርጌ አንዳንዴ አስባለሁ፣
በዚያ ሁሉ ድርቀት ውስጥ፣ የጣለው እዚች ላይ ብቻ ቢሆንስ፣ እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ገባሁ፤ ኮቴን ሳላወልቅ።
ከውቅያኖሱ ጣቢያ፣ ምንም፤ ገመዱን ማዕበል በጥሶት።
ከተራራው፣ ጭጋግ።
ከካሩ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ፣ ድ. ኦሊፋንት።

ሄዳለች።
አይታለች።